በቆሎውና የወባ ትንኝ፦ ከደምቢያ እስከ ቡሬ የገበሬው ድርሻ

ወባ በአገራችን የጤና ጉዳይ ብቻ ሆና አታውቅም። ዋነኛው የወባ ወቅት ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚዘልቀው ጊዜ ነው። ይህ ወቅት ደግሞ ገበሬው የዓመት ድካሙን የሚሰበስብበት ነው። አንድ አጫጅ በመኸር ሳምንት አልጋ ላይ ከዋለ የሚቀረው የእሱ የቀን ሥራ ብቻ አይደለም። የደረሰው እህል ይረግፋል፤ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ይመታዋል፤ ወንፈስ የተበደረው ቤተሰብም ብድሩን መመለስ ያቅተዋል። በመሆኑም የወባን ታሪክ መጻፍ የእርሻን ታሪክ ከመጻፍ ብዙም አይርቅም።

ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት በአገራችን ገጠሮች የተካሄዱ ጥናቶች ይህንን ዝምድና ይበልጥ ግልጽ አድርገውታል። የወባ ትንኝ የት እንደምትፈለፈል፣ ምን እንደምትመገብ፣ የት እንደምታርፍና ማንን እንደምትናከስ የሚወስነው በአብዛኛው ሰው በመሬቱና በውኃው ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ግድቡ፣ የመስኖ ቦዩ፣ የከብት በረቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየጓሮው የሚዘራው በቆሎ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላቸው።

ንዳድና ቆላ

የደጋና የወይና ደጋ ሕዝብ ይህችን በሽታ ከጥንት ጀምሮ ያውቃታል። “ንዳድ” እያለ ይጠራት፣ ከቆላና ከረግረግ ጋርም ያያይዛት ነበር። በብዙ አካባቢ ቆላ ወርዶ የሚያርስ ሰው ቀን ሲሠራ ውሎ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ከፍታው ተመልሶ የማደር ልማድ ነበረው። ለምነታቸው የታወቀ ሜዳዎችና የወንዝ ዳር መሬቶች ለረጅም ዘመን ሰው ሳይሰፍርባቸው የኖሩት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላውም ዓለም ቢሆን በሽታው ከረግረግ ከሚነሣ መጥፎ አየር የሚመጣ ይመስል ነበር። “ማላሪያ” የሚለው የጣሊያን ቃል ፍቺም “መጥፎ አየር” ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ሮናልድ ሮስ የተባለ ሐኪም ሕንድ ውስጥ የወባን ጥገኛ ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ። በዓመቱ ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲና ባልደረቦቹ የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፌለስ የተባለችው የትንኝ ወገን መሆኗን ጣሊያን ውስጥ አረጋገጡ። የአገራችን ገበሬ ልማድ ምክንያቱ ሳይታወቅ ትክክል እንደነበረ የተረዳው ያኔ ነው። አኖፌለስ የምትናከሰው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ፣ ሌሊቱን በከፍታ ቦታ ያሳለፈ ሰው ከንክሻዋ ይድናል።

ከፍታውም ቢሆን ሁልጊዜ መጠለያ አይሆንም። ተሕዋስዋ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ትፈልጋለች። ቅዝቃዜ ሲበረታ እድገቷ ይዘገያል፣ ወይም ጨርሶ ይቆማል። በዚህም የተነሣ በአገራችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው መሬት፣ ማለትም ከቆዳ ስፋቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ፣ ወባማ ተብሎ ይመደባል። በሞቃትና ዝናባማ ዓመት ግን ወባ ይህን ድንበር ጥሳ ትወጣለች። ያ ሲሆን ምን እንደሚከተል ያሳየው የደምቢያ እልቂት ነው።

የደምቢያ እልቂት

ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን የተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ የታወቀ የእህልና የከብት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በዚህ አካባቢ በተነሣ የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ተመዝግቧል። ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣው ከዚያም የከፋ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. መባቻ ወራት የዘለቀው (እ.ኤ.አ. 1958) ወረርሽኝ ከ250,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የደጋና የወይና ደጋ መሬት አዳረሰ። በጊዜው በተደረገው ግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ሰው ደግሞ ሞተ።

የወረርሽኙን መነሻ የመረመሩ ባለሙያዎች በዚያ ዓመት ዝናቡ ከወትሮው መብዛቱን፣ ሙቀቱና የአየሩ እርጥበትም መጨመሩን ገልጸዋል። ዋናው የጉዳቱ ምክንያት ግን የሕዝቡ ሰውነት በሽታውን አለመልመዱ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ወባ በማይለየው ቆላ የሚኖር ሰው በተደጋጋሚ በመያዙ ከፊል የመቋቋም ኃይል ያገኛል። የደጋው ሰው ግን ይህ የለውም። ስለዚህ ሕፃን፣ ጎልማሳና ሽማግሌ ሳትለይ ወባ ሁሉንም ባንድነት ትጥላለች። የሚያስታምመውና ሰብል የሚሰበስበው እጅ አብሮ ይታመማል። በሽታውን ረሀብ የሚከተለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዲዲቲና የትንኟ ጠባይ

ከ1958ቱ ወረርሽኝ በፊትም በቆቦ፣ በጋምቤላ፣ በላይኛው አዋሽና በደምቢያ የወባ መቆጣጠሪያ የሙከራ ሥራዎች ተጀምረው ነበር። ከእልቂቱ በኋላ ግን ጉዳዩ የአገር ጉዳይ ሆነና እ.ኤ.አ. በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። የድርጅቱ ሠራተኞች የመርጫ መሣሪያቸውን በጀርባቸው ተሸክመው በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ፣ ቤት እየቆጠሩ፣ ግድግዳና ጣሪያ ላይ ዲዲቲ ይረጩ ነበር።

ርጭቱ የተመሠረተው በአንድ የትንኟ ጠባይ ላይ ነው። ሴቷ ትንኝ ሰው ከነከሰች በኋላ የጠጣችው ደም እስኪፈጭላት ድረስ ግድግዳ ላይ ታርፋለች። ግድግዳው ኬሚካል ካለው እዚያው ትሞታለች። ተሕዋስዋ በትንኟ ሆድ ውስጥ አድጋ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ ብዙውን ጊዜ ከአሥር ቀን በላይ ያስፈልጋታል። ስለሆነም ከዚያ ቀድማ የሞተች ትንኝ ብትናከስም በሽታ አታስተላልፍም። ዘዴው ያነጣጠረው እያንዳንዷን ትንኝ በመጨረስ ላይ ሳይሆን ዕድሜዋን በማሳጠር ላይ ነው።

ይሁን እንጂ በአገራችን ዋነኛዋ ወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ለዚህ ዘዴ ሙሉ በሙሉ የምትመች አይደለችም። ቤት ውስጥም ደጅም ትናከሳለች። ከሰው ሌላ የከብት ደም ትጠጣለች። ቤት ውስጥ ብቻ ሳይሆን ውጭም ታርፋለች። እንቁላሏን የምትጥለው ፀሐይ በሚያገኘው ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ሲሆን፣ የከብት ኮቴ የቆፈረው ጉድጓድ፣ ጭቃ የተወሰደበት ሥፍራና የመስኖ ፍሳሽ ይበቃታል። በሞቃት ወቅት ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ብቻ ይፈጅባታል።

ሁሉም ትንኝ አንድ አለመሆኗም በጥናት ተለይቷል። መልኳ ከአራቢየንሲስ የማይለይ፣ ነገር ግን ከብት የምትመርጥና ወባ በማስተላለፍ የማትታወቅ ሌላ ትንኝ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ትገኛለች። ይህች ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2013 አኖፌለስ አማሪከስ የሚል ሳይንሳዊ ስም ተሰጥቷታል። ሁለቱን ለመለየት ዓይን አይበቃም፤ የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 ወባን በሁሉም አገር በአንድ ጊዜ የማጥፋት ዓላማ እንደማይሳካ ተገንዝቦ ስልቱን ሲከልስ፣ በአገራችንም “ማጥፋት” ቀርቶ “መቆጣጠር” የሚለው ዓላማ ተተካ። ትንኟም ዲዲቲን እየተላመደች መጣች። በዚህ ጊዜ የተመራማሪዎች ዓይን ከቤቱ ግድግዳ ወጥቶ ወደ ውኃውና ወደ ማሳው ዞረ።

ግድቡ ያስነሣው ጥያቄ

በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽና ከዚያ በኋላ በትግራይ ድርቅን ለመቋቋም በርካታ አነስተኛ የመስኖ ግድቦች ተሠሩ። የግድቦቹ ጥቅም የማያጠያይቅ ነበር። ሆኖም ግድብ ማለት ውኃ ነውና ስለ ወባም ጥያቄ ተነሣ። ቴዎድሮስ አድኃኖምና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ተከታትለው ያገኙትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1999 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አሳተሙ። ከግድብ በ3 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ባሉ መንደሮች የተመዘገበው የወባ መጠን፣ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ርቀው ካሉት መንደሮች ጋር ሲነጻጸር ሰባት እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ውጤት ግድብ አይሠራ የሚል ትርጉም አልነበረውም። ትርጉሙ ግድብ ሲታቀድ የወባ መከላከያው አብሮ ይታቀድ ማለት ነበር። ለዚህም ማስረጃ ተገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ክልል በአንድ የግድብ አካባቢ መንደር የተሞከረው ቀላል ሥራ ነበር። ነዋሪዎቹ ከግድቡ ሥር የሚሰርገውንና ከቦይ የሚፈሰውን ውኃ እያፋሰሱ፣ ጉድጓዶቹን በአፈርና በድንጋይ ደፈኑ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የዚህ ሙከራ ውጤት የአራቢየንሲስ ትንኝ ቁጥር በግማሽ ያህል መቀነሱን አሳየ። ለዚህ የዋለው መሣሪያ አካፋና ዶማ ነበር።

የቡሬ በቆሎ

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። በ1991 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአንድ ዘመን ተገጣጠሙ። አንደኛው የዛሬዎቹ መሠረታዊ ማኅበራትና ዩኒየኖች የተመሠረቱበት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 መውጣቱ ነው። ሁለተኛው በዚያው ዓመት መግቢያ (እ.ኤ.አ. 1998) የምዕራብ ጎጃሙን ቡሬ ወረዳ የመታው የወባ ወረርሽኝ ነው።

ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የአካባቢው እርሻ ተለውጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ከተለቀቀው ቢኤች-660 ከተባለው ዲቃላ የበቆሎ ዝርያ ጋር ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለገበሬው ይቀርብ ጀመር። ከዚህ ቀደም በአብዛኛው የጓሮ ተክል የነበረውና በክረምቱ የረሀብ ወራት በእሸትነት ቤተሰብን ይደግፍ የነበረው በቆሎ ዋነኛ የማሳ ሰብል ሆነ። ምርቱም ጨመረ። ገበሬው ከእጅ ወደ አፍ ከሆነ ኑሮ ተላቆ ወደ ገበያ የወጣው በበቆሎ ጭምር ነው።

በሌላ በኩል የማነ የእቢዮ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከሀርቫርዱ የትንኝ ሊቅ አንድሩ ስፒልማን ጋር ሆነው የአራቢየንሲስ እጭ ምን እንደምትመገብ ያጠኑ ነበር። የአኖፌለስ እጭ በውኃው ላይ ጋደም ብላ ከገጹ የምትለቅመውን ትበላለች። በቆሎ ሲያብብ ከጫፉ የሚረግፈው የአበባ ብናኝ ደግሞ በውኃው ገጽ ላይ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2003 የታተሙት ጥናቶች እንዳሳዩት ይህን ብናኝ ያገኙ እጮች ካላገኙት ይልቅ ቶሎ ያድጋሉ፤ ከመካከላቸው የሚተርፉት ይበዛሉ፤ ክንፍ ሲያወጡም ሰውነታቸው ትልቅ ነው። ሰውነቷ የዳበረ ትንኝ ረዘም ያለ ዕድሜ የመኖር ዕድል አላት። ተሕዋስዋ ለማደግ ከአሥር ቀን በላይ እንደምትፈልግ ከላይ ተገልጿል። የበቆሎው ብናኝ ለወባ የሚሰጠው አገልግሎት እነዚያን ቀናት ነው።

የቦስተን ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ማካን፣ አስናቀው ከበደ፣ የማነ የእቢዮና አንቶኒ ኪሸቭስኪ ይህንን በቡሬ መሬት ላይ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የትሮፒካል ሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ውጤት እንደሚያሳየው፣ በቆሎ በብዛት በሚመረትባቸው ስፍራዎች የተመዘገበው የወባ ሕመም በቆሎ ካነሰባቸው ስፍራዎች 9.5 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ማካን በዚያው ዓመት ባወጡት ስለ በቆሎ ታሪክ በሚተርክ መጽሐፋቸው ደግሞ የአዲሱን ዝርያ የማበቢያ ጊዜ አንሥተዋል። ቢኤች-660 ለመድረስ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ የሚያብበው ዘግይቶ ነው። ይህም ኃይለኛው ዝናብ ጋብ ብሎ፣ ጎርፍ ጠርጎ የማይወስዳቸው ኩሬዎች በየደጁ በሚቀሩበት ጊዜ ላይ ይወድቃል። ብናኙና እጯ የሚገናኙት ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቆሎ ወባን አይፈጥርም። ተሕዋስዋን የያዘ ሰው፣ ትንኝ፣ ውኃና ሙቀት ከሌሉ ብናኙ ብቻውን ምንም አያመጣም። ለአንድ ወረርሽኝም የዝናቡ ሁኔታ፣ የሰው እንቅስቃሴ፣ የመድኃኒትና የርጭት መጓደል የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የቡሬው ጥናት ያስተማረው ዋና ነገር የእርሻ ማሻሻያ በጎተራ ብቻ ሳይሆን በጤና ጣቢያ መዝገብም መለካት እንዳለበት ነው።

ሽታው፣ በረቱና ዶሮዋ

ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ነገሩን ይበልጥ አጠናክረውታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ሥራ፣ እንቁላል ያዘለችው አራቢየንሲስ በበቆሎ ብናኝ ሽታ እንደምትሳብና ሽታው ባለበት ውኃ እንቁላል መጣል እንደምትመርጥ አሳይተዋል። ትንኟ ወደ በቆሎው የምትመጣው በአጋጣሚ ሳይሆን ለልጆቿ ቀለብ ያለበትን ሥፍራ እያሸተተች ነው።

የከብት ጉዳይም ተጠንቷል። በዝዋይ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩባቸው ቤቶች ሰው በትንኝ የመነከሱ ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን አመልክቷል። ከብቱን ለይቶ በበረት ማሳደር የተሻለ ነው ማለት ነው።

ብዙ ሰው ያስገረመው ግን የዶሮው ጥናት ነው። አራቢየንሲስ ከሰው፣ ከከብት፣ ከበግና ከፍየል ደም ስትጠጣ ዶሮን ግን ትሸሻለች። እነዚሁ ተቋማት በምዕራብ ኢትዮጵያ መንደሮች ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ሙከራ፣ አጎበር ውስጥ ከተኛ ሰው አጠገብ ዶሮ በቀፎ ውስጥ ሲንጠለጠል ወይም የዶሮ ሽታ ያለው ነገር ሲቀመጥ ወደ ቤቱ የሚመጣው የወባ ትንኝ ቁጥር ቀንሷል። ይህ ገና በምርምር ላይ ያለ ሐሳብ በመሆኑ አጎበርን የሚተካ አይደለም።

ተስፋውና ማገርሸቱ

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ የወባ መከላከል ሥራ ትልቅ እመርታ አሳየ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመደቡ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኮአርተም የተባለው መድኃኒት ሥራ ላይ ዋለ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ በኬሚካል የተነከረ አጎበር ተሠራጨ። በዲዲቲም ምትክ ሌሎች ኬሚካሎች ገቡ። ሕመሙና ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ።

ቅነሳው ግን ጸንቶ አልቆየም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ለማገርሸቱ ግጭት ያስከተለው የአገልግሎት መቋረጥ፣ የአየር ንብረት መለዋወጥ፣ የትንኟ ኬሚካል መላመድና የተሕዋስዋ መድኃኒት መቋቋም በምክንያትነት ይጠቀሳሉ።

አዲስ እንግዳም መጥታለች። ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋን ከመታው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ግንኙነት እንዳላት ተረጋግጧል። ይህች ትንኝ በበርሜል፣ በሮቶና ለግንባታ በተጠራቀመ ውኃ ስለምትፈለፈል ዝናብ አትጠብቅም፤ በበጋም ትራባለች። ወባ የገጠር በሽታ ናት የሚለው የቆየ አነጋገር በእሷ ምክንያት ዋጋ እያጣ ነው።

የማኅበራት ድርሻ

ከዚህ ታሪክ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና ለወረዳ ኃላፊዎች የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ዘር የሚያከፋፍለው፣ ቦይ የሚያስጠርገው፣ ኩሬ የሚያስቆፍረውና መጋዘን የሚያሠራው አካል ስለ ወባ ትንኝ ማደሪያ ሳያውቀው ይወስናል። አውቆ ቢወስን ይሻላል።

በቆሎን መተው መፍትሔ አይደለም። የበቆሎ ብናኝ ከባድ በመሆኑ አብዛኛው የሚረግፈው ከማሳው አቅራቢያ ነው። ስለዚህ ዘግይቶ የሚያብበውን በቆሎ ከመኖሪያ ቤትና ውኃ ከሚያቁር ስፍራ አርቆ መዝራት፣ ቤት አጠገብ ጎመን፣ ድንች ወይም ባቄላ መትከል ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የግብርና ባለሙያውና የጤና ባለሙያውም ስለ ዝርያ ምርጫ በአንድ ጠረጴዛ መነጋገር ይችላሉ። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች በየሳምንቱ አንድ ቀን ለይተው ፍሳሹን ቢያፋስሱ፣ እጯ ክንፍ ሳታወጣ ይደርሱባታል። ጡብና ምርግ ለመሥራት የተቆፈረ ጉድጓድ ሥራው እንዳለቀ መደፈን አለበት። የውኃ በርሜል ክዳን ይኑረው። አጎበር የጭድና የእህል መሸፈኛ መሆኑ ቀርቶ በአልጋ ላይ ይሰቀል። ትኩሳት የተሰማው ሰው ደግሞ “አጨዳው ይለፍ” ሳይል በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር፤ ሳይታከም የቆየ በሽተኛ ለትንኟ የተሕዋስ ምንጭ ነውና።

“ሳይቃጠል በቅጠል” እንደሚባለው፣ ደምቢያ ላይ የደረሰው የደረሰው ትንኟ ከዝናቡ ጋር ቀድማ፣ ሰው ግን ዘግይቶ በመድረሱ ነበር። ዛሬ የትንኟ ጠባይ ታውቋል፤ ማደሪያዋና ቀለቧም ተለይቷል። ክረምቱ ሲወጣ በቆሎው ያብባል፣ ኩሬዎቹም ይሞላሉ። የዚያ ሳምንት ሥራ ከአጨዳው በፊት የሚመጣ፣ አጨዳውንም የሚያድን የማኅበር ሥራ ነው።